ወደ ውጭ የሚከፈት በር

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢመዘን ስንት ይወጣዋል? በአገር ሚዛን ላይ ሲያወጡት ከገለባ የቀለለ፣ የቤቱ ሰዎች ትከሻ ላይ ሲያርፍ ከወፍጮ ድንጋይ የከበደ ነው። ምስማር እያሉ የሚጠሩት አናጢ ሁለቱንም ሚዛን አይቷል።

ቀጭንና ደረቅ፣ ቢመቱት የማይጎብጥ ሰው ነበርና ቅጽል ስሙ ልኩ ነው። መናኸሪያው ላይ ቦምብ የፈነዳ ዕለት ለደንበኛ የጨረሳቸውን መዝጊያዎች ከሱቁ እያወጣ ቁስለኛ ተሸክሞባቸዋል። እግሩ የተቆረጠ ሰው እጁ ላይ ሞቶበታል። ስለዚህ ፖሊሶች ቤት ለቤት መፈተሽ ሲጀምሩ «እሰይ፣ ይልቀሙልን» ካሉት አንዱ እሱ ነበር።

በሳምንቱ የታላቅ እህቱን በር ረገጡ። የጫማ ኮቴ ሰምታ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለች መቀርቀሪያውን ስትስብ፣ መዝጊያው ከነመቃኑ ወደ ውስጥ ተገንጥሎ ግንባሯን ፈለጠው፤ እዚያው ሞተች። የሚፈለገው ሰው ማዶ ቤት ነበር። የፖሊሶቹ አዛዥ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ስህተት መሆኑን አመነ፤ የአገር ጉዳይ ግን ፋታ አይሰጥም አለው። ምስማር ደሟን ከደፉ ላይ እያጠበ ሰማው።

ከዚያ ወዲያ የገጠመው በር ሁሉ ወደ ውጭ የሚከፈት ሆነ። እንዲህ ያለውን በር ሲረግጡት መቃኑን ይበልጥ ይነክሳል እንጂ አይወድቅም። ሰፈሩ ሳቀበት። ባለ ሻይ ቤቱ፣

«አንተ ምስማር፣ ሙያው ጠፋብህ ወይስ ሚስቴ ቶሎ እንድትወጣልኝ ነው?» አለው።

«ስትወጣ በእግሯ ትውጣ ብዬ ነው።»

አንድ ጠዋት ፖሊሶች እሱ ከገጠማቸው በሮች አንዱን ረገጡ፤ ደገሙት፤ በሩ አልተበገረም። ውስጥ ያለው ተከራይ እውነትም ቦምብ ነበረው፣ በሩ በሰጠውም ፋታ አፈነዳው። ግድግዳው ሲናድ ሁለት ፖሊሶች ተበጣጠሱ፤ አንዱ ገና ጢም ያላበቀለ ነበር።

ምስማርን ከሱቁ እየጎተቱ ጣቢያው ምድር ቤት ከተቱት። ለማን ነው የምትሠራው እያሉ የቀኝ እጁን ጣቶች በገዛ መዶሻው ቀጠቀጡ። አዛዡ ዐይኑ ደም ለብሶ ገባ።

«ልጆቼን የበላው ያንተ በር ነው።»

«የእኔ ነው፣ ጌታዬ» አለ ምስማር ደም እየተፋ። «እህቴን የበላውስ የማን ነው?»

አዛዡ በርጩማ አንስቶ ጎኑ ላይ ሰበረው። ከዚያ ትንፋሹ ሲመለስ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በር እስኪከፈትልኝ ቆሜ ብጠብቅ መናኸሪያው ዳግመኛ ይታረዳል አለ። እውነቱን ነው። ምስማርም እውነቱን ነበር። እውነት ከእውነት ጋር ሲጋጭ ዳኛው ጡንቻ ይሆናል።

ሲፈቱት በሮቹን ሁሉ ወደ ውስጥ እንዲያዞር ታዘዘ። ሚስቱ ምስማሩን እየያዘችለት፣ በግራ እጁ እየመታ አዞራቸው። ሥራው ሲያልቅ ጣቢያ ሄዶ አዛዡ ፊት ቆመ። ካሣ አላነሳም፣ ስለ እጁም አልተናገረም።

«ርገጡት፣ ጌታዬ፤ አልከለከልኩም። ብቻ አስቀድማችሁ ‹ከበሩ ራቁ› በሉ። ሌላ አልለምንም።»

አዛዡ ለበላይ አቀርባለሁ አለው። የበላዩ፣ ማስጠንቀቅ ለጠላት ጊዜ መስጠት ነው ብሎ መለሰ። ምስማር እስኪሞት ድረስ ለተሾመው አዛዥ ሁሉ ያችኑ ለመነ፤ የፈቀደለት የለም።