የካቡ እንሽላሊት

ጋሸና፣ መኪና በምንጠብቅበት ምግብ ቤት የድንጋይ ግድግዳ ላይ አንዲት እንሽላሊት ሆዷን ለጥፋ የጠዋት ፀሐይ ትሞቃለች። ልጄ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ሊወርድ ነው። እንሽላሊቷን ሳያት አባቴ ትዝ አሉኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ለዚሁ ለተረገመ ሰሊጥ ወርደው ንዳድ ይዟቸው ተመለሱ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ጋቢ ተከናንበው ከግቢያችን ካብ ሥር ይቀመጣሉ፤ ካቡ ላይ እንሽላሊት አለች። አንድ ቀን ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ "አየሽ፣ ይቺ የራሷ ሙቀት የላትም፤ ከድንጋዩ ነው የምትወስደው" አሉኝ። "የቆላዋ ደግሞ በዚህ ሰዓት ጥላ ፍለጋ ትሮጣለች። እግዜር ሁሉንም በየአገሩ ልክ ነው የሰፋው። ከአገሩ የወጣ ግን…" ብለው ጋቢያቸውን ሳቡ። እኔ ስለ እንሽላሊት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ረፋድ ላይ ድንጋዩ ሲግል እንሽላሊቷ ካቡ ውስጥ ገባች። አባቴ አሁንም ይንቀጠቀጣሉ።

"አባዬ፣ ይግቡ እንጂ! እሷ እንኳ ሞቋት ገባች" አልኳቸው።

"እኔን ገና አልሞቀኝም፣ ልጄ።"

እጃቸውን ብይዘው እንደ ፍም ያቃጥላል። ሳምንቱን አልጨረሱም።

ልጄን ይቅርብህ ብዬ ስንቴ ለመንኩት! "እዚህ ምን አለኝ፣ እማዬ?" ይለኛል። ከወንድሞቼ ጋር ለሦስት የተካፈልናትን ቁራሽ መሬት አስቤ ስንቁን መቋጠሬን እቀጥላለሁ።

መኪናው መጣ። ፀሐይዋም በረታች። እንሽላሊቷ ስንጥቋ ውስጥ ገባች፤ ልጄ መኪናው ላይ ወጣ።