በእንዶድ የታጠበው ጋዎን

እንዶድ ሲሸተኝ ዛሬም እጄ የጋዎኔን ኪስ ይዳብሳል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ጎንደር የሕክምና ተማሪ ሳለን የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምንመደብበትን ወር «እረፍት» እንለው ነበር። በበሽተኞቹ ንግግር ስንስቅ አርፍደን፣ ሰው እንዳያየን በልብስ ማጠቢያው በኩል ባለው የጓሮ በር ሾልከን እንወጣለን። ከሁሉም የሚያስቀን በተማሪዎች መኝታ ቤት የአልጋ ጎረቤቴ የነበረው ተማሪ ነበር። የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ነው፤ የእብድ አነጋገር ሲያስመስል ሆዳችንን እስኪያመን እንስቃለን።

በዚያ ክረምት ዝም አለ። እንቅልፍ አጣ፣ ምግብም ተወ። ጥናት በዝቶበት ነው አልን።

አንድ ጠዋት ወደ ክፍሉ ስገባ በበሽተኞቹ አግዳሚ ላይ ካርድ ይዞ ተቀምጦ አየሁት። በአንድ ጎኑ ነጠላዋ በጠበል የራሰ ሴት፣ በሌላው ጎኑ ደግሞ እጁ በገመድ የታሰረ ጎልማሳ አለ። ከኋላዬ የጓደኞቻችን ሳቅ እየቀረበ መጣ። ለእሱ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር፤ ያፈርኩት ግን ለራሴ ነው። ጋዎኔን አውልቄ ሰጠሁትና «ተነስ፣ ልበስ፣ ሳያዩህ!» አልኩት።

ለበሰ። ካርዱን ኪሱ ከተተና ከእኛ ጋር ቆመ። ሲቀለድም አብሮ ሳቀ። ካርዱን ያወጣው በክርስትና ስሙ ነው፤ ከተማሪው ከእኔ በቀር ያንን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ነርሷ ከውስጥ ሦስት ጊዜ ጠራችው። ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«የለም ማለት ነው» ብላ ሌላ ጠራች።

በሳምንቱ ትምህርቱን ጥሎ ሄደ። መስቀል ካለፈ በኋላ አባቱ ፍራሹንና መጻሕፍቱን ሊወስዱ መጡ።

«አያ፣ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

«ጠበል አስገብቼዋለሁ። ከእኛ በቀር ከሰው አይነጋገርም» አሉኝ። ፍራሹን ጠቅልለው ሲያስሩ ቆዩና «ምነው ልጄ፣ ሐኪም ቤት እያደረ የሚያየው ሐኪም ጠፋ?» አሉ።

ከፌስታል ውስጥ የታጠፈ ጋዎን አወጡ።

«‹ሸጋ ጓደኛ ነው ያለበሰኝ፣ መልስልኝ› ብሎኛል። እናቱ በእንዶድ አጥባዋለች።»

ሲሄዱ ኪሱን ዳበስኩ። ካርዱ እዚያው ነበር፤ ቀለሙ ለቆ ስሙ አይነበብም።

ዛሬ በዚያው በአእምሮ ሕክምና አርጅቼ ስም ጠሪው እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጠርቼ መልስ ሳጣ፣ ቢደክመኝም ተነስቼ እወጣና አግዳሚው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ አያለሁ።