በሬዬን ይዤ የተመለስኩበት ቀን

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይመስገን። እኔ ንግግር አላውቅበትም፣ ደግሞም ደክሞኛል። ከዋጃ ባለቤቴን በአህያ ጭኜ በእግሬ ነው የመጣሁ፤ የዚህን አገር ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ግን ጌታ ያደረገልንን ሳልናገር ብመለስ እናኑ መንገዱን ሙሉ ስትቆጣኝ ነው የምንገባ። እናኑ ያቻት፣ ከሴቶቹ መካከል እግሯን ዘርግታ የተቀመጠችው። የምናገረውም ስለዚያ እግር ነው።

በፊት በዓል አከብራለሁ፣ እድር የምትሉትን ቅሬ እከፍላለሁ፣ ጎረቤት አላስቀይምም፤ ከዚህ በላይ ከሰው ምን ይፈለጋል እል ነበር። ሁለት በሬ ነበረኝ፣ ማሽላዬም ከሰው አያንስም። ማሽላ ስንቆርጥ እናኑን እሾህ ወጋት። እሾህ ማንን አይወጋም? ነቅላ ጣለችውና ሥራዋን ቀጠለች። ውሎ አድሮ እግሩ አበጠ፣ መግል ያዘ፣ በትኩሳት ትቃዥ ጀመር።

በመኪና ጭኜ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የት እንደሆነ ይቅር፣ ሩቅ ነው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፣ እሱን ክፉ አልናገረውም። በሩ ላይ የካርድ ክፈል አሉኝ፣ ከፈልኩ። ዋጋው ያ መስሎኝ ልቤ ዐረፈ። ስትወጣ ግን ጸሐፊው ጠራኝና የአልጋውን፣ የመርፌውን፣ የፋሻውን፣ የበላችውን ዳቦ ሳይቀር ቆጠረልኝ። ዳቦውንማ እናንተ ሰጣችኋት እንጂ እኛ መች ጠየቅን ብዬ ብነግረው፣ እዚህ በስጦታ የሚበላ የለም አለኝ። እስክከፍል ድረስ አትወጣም ተባለ። እሷን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቅሬ ዳኛችን ነው። ዕድሜ ልኬን ያዋጣሁበት ነውና ዛሬ ይደርስልኛል ብዬ። አዳመጠኝ፣ አዘነልኝም፣ ከዚያ ቀና ብሎ፦

«ለመሆኑ ሞተች እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ የለም፣ ታማ ነው።»

«እንግዲያ ምን እናድርግህ? ቅሬው ለሞተ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ብትሞትብኝ እህል ይመጣልኛል፣ ድንኳን ይተከልልኛል፣ ሰው ከብቦኝ ያድራል። እንዳትሞትብኝ ግን የሚያዋጣ የለም። ያን ቀን የደከመኝ ድካም እስካሁን አጥንቴ ውስጥ አለ። አንዱን በሬ ገበያ አወጣሁት። ሰው ቸኩሎ የሚሸጠው በሬ ምን ያወጣል? ሸጥኩና ሚስቴን አስለቀቅኋት።

በአንድ በሬ አይታረስም። ጎረቤቴ አያ ይማም እሱም አንድ በሬ ነው ያለው፤ ተቀናጅተን የእሱንም የእኔንም ማሳ እያረስን ከረምን። እግሩ ግን መልሶ አበጠ። ለምኜ፣ ተበድሬ መልሼ ወሰድኳት። ሐኪሙ አየና ሳይቆረጥ አይቀርም አለኝ። ምን ያህል እንደሚያስከፍለኝ ጠየቅሁት። «እሱ ከተቆረጠ በኋላ ነው የሚታወቅ» አለኝ። ወንድሞች፣ በዋጃ ገበያ አንዲት ዶሮ እንኳ ዋጋዋ ሳይነገር አትታረድም። እናኑ ይኸን ስትሰማ «ወደ ቤቴ ውሰደኝ፣ ብሞትም ከነእግሬ ልሙት» አለች። ወሰድኳት።

ከዚያ ባለውቃቢ ዘንድ ሄድን። ገብስማ ዶሮ አለ፣ ሰጠሁ። ዶሮውን ከበላ በኋላ ውቃቢው በግ አማረው። በጉንም ሰጠሁ። ከበጉ ቀጥሎ ወደ ምን ዓይኑን እንደሚጥል ስለገባኝ ሹልክ ብዬ ቀረሁ።

እናኑ ናት ቆቦ ውስጥ በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ለበሽተኛ ይጸለያል ሲሉ የሰማችው። ልብስ ሰፊው ወንድም ደምሴ ነው፣ ይኸው ከፊቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ስሙን እንዳነሳ አይወድም። እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። ሚስቱ እህት አልማዝ ውኃ አፍልታ፣ ጨው ጨምራ ቁስሉን አጠበችው። እዚሁ ቤት አስተኝተው፣ እያበሉ፣ በየቀኑ እያጠቡ፣ በየቀኑ እየጸለዩ ከረሙ። እኔ ደግሞ ዋጋው መቼ ይነገረኛል እያልኩ የቀረኝን ከብት በጣቴ ስቆጥር ከረምኩ። ምን ያህል ነው ስላቸው ምንም ይሉኛል። እንደ እኔ የተቃጠለ ሰው «ምንም» ሲሉት ይብሱን ይፈራል።

ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ስሙ ይባረክ! መግሉ ደረቀ፣ ረግጣ ቆመች። ወደ ቤት ስወስዳት የቀረችኝን አንዲት በግ አምጥቼ ማንም ሳያየኝ ደጃፋቸው ላይ አስሬ ሄድኩ። በማግስቱ ወንድም ደምሴ በዚያ ፀሐይ በጓን እየጎተተ ዋጃ ድረስ መጣ። ይቺ የእናንተ ናት አለና ውኃ ጠጥቶ ተመለሰ።

እኔ ምን ገባኝ? በጓ አነሰቻቸው። በቃ፣ ሌላ አልገባኝም። የሚፈልጉት በሬውን ነው አልኩ። ለአያ ይማም ስነግረው ተቆጣ። «የዘንድሮውን ማሽላ በምን ልናርስ ነው? እኔንም እኮ በሬ አልባ ልታደርገኝ ነው» አለኝ። ከዚያ ግን፣ «ስለ እናኑ ከሆነ ውሰደው፣ አላህ ያውቃል» አለ። በሬውን ስነዳ እናኑ ከደጅ ቆማ ታለቅሳለች። ያን በሬ ከሰጠሁ የምንበላው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ወንድም ደምሴ በረንዳው ላይ ይሰፋ ነበር።

«ምንድን ነው ይኸ በሬ?»

«ዋጋው ነዋ። በጓ አንሳባችሁ የለ?»

የስፌት መኪናውን አቁሞ ተነሣ። የሚቆጣ መሰለኝ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶታል። «ተከፍሏል እኮ፣ ወንድሜ» አለኝ።

«ማን ከፈለው? ሰውየውን ንገረኝና ቀስ እያልኩ ልመልስለት።»

ያኔ አስቀመጠኝና ስለ ጌታ ኢየሱስ ነገረኝ። ስለ መስቀሉ፣ ስለ ደሙ፣ መልስልኝ ስለማይል ጌታ ነገረኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ግማሹ አልገባኝም። በሬዬን ይዤ ወጣሁ። በሽታ ቤታችን ከገባ ወዲህ ከብት ነድቼ ወጥቼ ያንኑ ከብት እየነዳሁ ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው። ከቆቦ እስከ ዋጃ እያለቀስኩ ሄድኩ፣ መንገደኛው ሰው የሞተብኝ መስሎት እግዜር ያጥናህ ይለኛል። ቤቴ ስደርስ እናኑ በሬውን አይታ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ እኔም አብሬያት ተንበረከክሁ። እንዴት እንደሚጸለይ አላውቅም ነበር። ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል፣ ተቀበለኝ ብቻ ነው ያልኩት። ተቀበለኝ፣ ስሙ ይባረክ!

እናኑ ዛሬም ታነክሳለች። ብድሬንም ገና እየከፈልኩ ነው፣ ድካሙም አልለቀቀኝ። ሐኪም ቤት አትሂዱም አልልም፣ የሚያሻው ይሂድ። ግን ፍርሃቱ ከሆዴ ወጥቷል፣ እሱን ያወጣልኝ ጌታ ነው።

አንተ በሩ ላይ የቆምከው ወንድሜ፣ እናትህን አዝለህ ስትመጣ አይቼሃለሁ። ጋቢህ ውስጥ ዶሮ ይዘሃል፣ ስትንፈራገጥም አያታለሁ። ምን ያህል ነው ብለህ የምትጠይቀው ሰው ፈልገህ ነው የቆምከው። ግባ፣ እናትህን እናኑ አጠገብ አስቀምጣት። ዶሮዋን ስትመለሱ ለእናትህ መረቅ አድርግላት፣ ከስታለች።