የመኪናችን ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት መካኒኩ ደውሎ፣ «የሞተሩን ቺንጋ ከቀየርን መወጠሪያውም አብሮ ይቀየር» ሲለኝ የአባቴ መኪና ትዝ ብላኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ እንደገቡ ነው። እስራኤል፣ ጊቫት ሃሞሬ የሚባል ኮረብታ ሰፈር እንኖር ነበር። ዝናቡ አባርቶ ከታች ያለው ሜዳ በስንዴ አረንጓዴ ሆኗል። የአክስቴ ባል ሩቅ ኪርያት ጋት ከተማ ሞቶ፣ አባቴ የሐዘኑ ሰባት ቀን ሳይወጣ እህቱ ዘንድ መድረስ ነበረበት። አውቶቡስ መውጣት የሚያቅታቸውን ሽማግሌዎች ለቅሶ የምታደርሰው ደግሞ የእሱ አሮጌ መኪና ነበረች፤ እሷም ያን ሰሞን ተበላሽታ ጋራዥ ገባች።

ጋራዥ የመካኒኩን ዕብራይስጥ ለአባቴ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ግጥም ስለምሞክር ቃል አይቸግረኝም ባይ ነበርኩ፤ ለዚያ ዕቃ ግን ቃል አጣሁ።

«ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ነው... መወጠሪያ በለው» አልኩት አባቴን።

«ይዞራል?»

«ይዞራል፤ ግን ተበልቷል። መንገድ ላይ ከለቀቀ ሞተሩ አበቃለት ይላል።»

ዋጋውን ነገርኩት። ከቺንጋው ይበልጣል። አባቴ ኪሱን ዳሰሰና «ቺንጋው ብቻ ይቀየር» አለ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሰው ለሚጭን መኪና ግማሽ ሥራ አልሠራም አለ።

ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ ሰምተው «እናዋጣ» ብለው ላኩበት። አባቴ ተቆጣ። «ለቅሶ አድርሼ ሰው ላስከፍል?»

በማግስቱ እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡ። ትኩስ ንፍሮ በሳህን ይዘዋል። ተደርድረው ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናህ።»

አባቴ ደንግጦ ተነሣ። «ማን ሞተ?»

«መኪናህ ናታ! ስንቱን ለቅሶ አድርሳ፣ እሷ አልቃሽ ትጣ?»

«ዳገት ላይ ብቻ ታቃስት ነበር፤ ነፍሷን ይማር» አለ አንዱ ሽማግሌ።

አባቴ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። እማማ ከነጠላቸው ጫፍ ገንዘብ ፈትተው ሳህኑ አጠገብ አስቀመጡ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የመጣ ስጦታ አይመለስም፤ መመለስ ነውር ነው።

«የለቅሶ ነው፣ ልጄ» አሉት።

አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ እጁን ሰድዶ ንፍሮውን ዘገነ።

መኪናዋ ተሠርታ፣ ሰባቱ ሳይወጣ ኪርያት ጋት ደረስን። አክስቴ የአባቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ እማማ ገና ከኋላ ወንበር አልወረዱም ነበር።

ዛሬ አባቴም፣ እነዚያ ሽማግሌዎችም የሉም። ከዚያ ወዲህ የሚሰጥ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ተቀባዩን አንገት ሳያስደፋ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። እኔም አንዳንዴ የተቸገረ ወዳጅ ፊት እቆምና እጄ ኪሴ ውስጥ ይቆያል፤ ምን ብዬ እንደምሰጠው እያሰብኩ።