ከመረቡ ወዲህ የቀረ ጫጩት

እሑድ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ዓረብ አገር፣ አል ሙራቃባት በሚባል ሰፈር በሚገኘው የልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ሰፊውን ክፍል ለሦስት ሴቶች በቢድ ስፔስ፣ አልጋ በአልጋ፣ አከራይታለች። የአንደኛዋ አብሮ አደግ ሻርጃ ከተማ በሰው ቤት ትሠራለች፤ በዕረፍት ቀኗ፣ በየእሑዱ፣ እኛ ዘንድ ትመጣለች። ያን ዕለት የመጣችው የጫማ ካርቶን በሁለት እጇ ታቅፋ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ክዳኑን ከፈተችው።

«አባባ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ይሄን ያድኑልኝ።»

በውስጡ የዱር ርግብ ጫጩት ነበር። ላባው ገና እንደ ሰንደዶ ጫፍ ብቅ ብቅ ብሏል፤ በመካከሉም ቢጫ ጭገር ይታያል። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት በዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት አጥንቻለሁ። ይሁን እንጂ ዕድሜዬን የፈጀሁት በቢሮ ጸሐፊነት በመሆኑ ስለ ወፍ የማውቀው በመጽሐፍ ያነበብሁትን ብቻ ነው። ይህንኑ ነገርኋት። አልሰማችኝም።

«ማዳም ርግብ በረንዳዬን አቆሸሸ ብላ መረብ አስወጠረች። ሠራተኞቹ ሲሄዱ የቀረውን ጥግ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከኤሲው ኋላ ጎጆ መኖሩን አላየሁም። እናቱ ሁለት ቀን ሙሉ መረቡን ስትመታ ዋለች፤ እኔ ደግሞ እህል ፈልጋ መስሎኝ እሽ እሽ እላታለሁ። በሦስተኛው ቀን ቀረች። ያኔ ነው የዚህን ድምፅ የሰማሁት።»

ማዳሟ ጣይው ብላታለች። ወደዚያ ቤት ልትመልሰው አትችልም።

«እናቱን የዘጋሁባት እኔ ነኝ አባባ። እሱም ከሞተብኝ…» አለችና ክዳኑን መለሰችው። ለመሄድ ስትነሣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከሚቀጥለው እሑድ በሕይወት እንዲቆያት። እሺ አልሁ።

የርግብ ጫጩት እንደ ሌሎች ወፎች አፉን ከፍቶ አይጠብቅም፤ መንቁሩን እናቱ አፍ ውስጥ ከትቶ ነው የሚመገበው። ስለዚህ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝቼ ጫፉን ቆረጥሁና ለብ ባለ ውኃ የቀጠነ በሶ ሞላሁበት። መጀመሪያ ፊቱን አዞረብኝ። በማግስቱ ግን መንቁሩን እስከ ዓይኑ ድረስ አስገብቶ፣ ገና ያልበቀሉ ክንፎቹን እያራገበ ጨረሰው። ከጉሮሮው ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ሲሞላ በሶው በስሱ ቆዳ ውስጥ ይታያል። ያ ከረጢት ሳይጎድል እንደገና መመገብ አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ። በየሦስት ሰዓቱ በጣቴ ሳልዳስስ አንዲት ጠብታ አልሰጥም ነበር።

ሕጉን ለሴቶቹ አስረዳኋቸው። ሦስቱም ሰምተው ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገር ግን ከሥራ ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ወደ ካርቶኑ ይሄዱ ነበር። ረቡዕ ዕለት ከሦስቱ አንዷን፣ ወሎዬዋን፣ የእንጀራ ቁራሽ በጣቷ ይዛ አገኘኋት።

«ጠግቧል» አልኋት።

«ዋላሂ አባባ፣ አንድ ብቻ ናት። እኔ እየበላሁ እሱ ይየኝ?»

«አያይሽም፤ ተኝቷል።»

«እንግዲያው ሲነቃ ያጉርሱልኝ» ብላ ቁራሿን መዳፌ ላይ አኖረችው። ዘወር ስትል ጣልሁት።

ቅዳሜ ዕለት ሁሉም ቤት ዋሉ። ሰባት ሰዓት ላይ በአንድ ትሪ ዙሪያ ለምሳ ስንቀመጥ ካርቶኑን አጠገባችን አደረጉት። ጫጩቱን ከግማሽ ሰዓት በፊት መግቤዋለሁ። ያም ሆኖ ከሴቶቹ በዕድሜ የምትበልጠው ካላጎረስሁት አለች። ከለከልኋት።

ልጄ ሣቀች። «ተዪው፣ አባዬ እንደዚህ ነው። እኔንም በማንኪያ እየለካ ነው ያሳደገኝ። አንድ ቀን አጉርሶኝ አያውቅም።»

«ኸረ በሞቴ! እውነት ነው አባባ?»

«በሕፃንነቷ ሆዷን ያማት ነበር» አልሁ።

«እስከ ሠላሳ ዓመቴ?» አለች ልጄ፤ ሁሉም ሣቁ።

ቀልድ ነበር፤ እውነትም ነበር። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ከትሪው ጥግ የምስር ወጥ የነካት የእንጀራ ቁራሽ ቆርሼ፣ በጣቴ አድቅቄ፣ የጫጩቱን መንቁር ከፍቼ አጎረስሁት። በልማዳችን በአንዷ አይቀርምና ሁለተኛዋን ጨመርሁ። ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። ከረጢቱን አልዳሰስሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንገቱን ሰብሮ፣ አፉን እየከፈተ ሲተነፍስ አገኘሁት። ከረጢቱ እንደ ደረቀ ሊጥ ጠጥሯል። ለብ ያለ ውኃ አንጠባጠብሁለት፣ በጣቴ ጫፍ አሸሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ መዳፌ ውስጥ ሞተ።

ያን ጊዜ ሁሉም መናገር ጀመሩ። ወሎዬዋ ጠዋት አንድ አጉርሳዋለች። ታላቅየዋ ወጡን ስትቀምስ፣ ሦስተኛዋ እኔ ለምሳ እጄን ስታጠብ። እያንዳንዷ ብቻዋን የሰጠች መስሏት ነበር።

እሑድ የሻርጃዋ ልጅ በለመደችው ሰዓት የወፍ እህል በከረጢት ይዛ መጣች። ትናንት መሞቱን ነገርኋት። ቁጭ አለች።

«ምን ሆኖ?»

አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ሁለቱ ቀን ነው። ያለ እናት የዋለው ሁለት ቀን ነው የጎዳው። እኔ ነኝ።»

ወሎዬዋ ከኩሽና በር ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ሳይንሱን አውቀዋለሁ፤ ከሁለቱ ቀን ረኃብ በኋላ ስድስት ቀን በርትቶ በልቷል፣ ላባም አብቅሏል።

«ሊሆን ይችላል» አልኋት።

ሬሳው ያለበትን ካርቶን ራሷ ይዛው ወጣች። የት እንደ ቀበረችው አልጠየቅሁም።

በሰኔ ወር የማዳሟ ቤተሰብ ወደ አጅማን ቤት ቀየረ፤ የሻርጃዋም ልጅ ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ አልመጣችም። አብሮ አደጓ ስልኳን አታነሣም ትላለች። ጫጩቱን የገደለው የማን ጉርሻ እንደ ሆነ አላውቅም። እሷም በጉርሻ መሞቱን እስከ ዛሬ አልሰማችም።