ከአንድ ጥቅል አራት ቀሚስ

የጎኑ ዚፕ ግማሽ መንገድ ላይ ነክሶ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ተንበርክካለች፤ በአንድ እጇ የፋርማሲስቷን ወገብ ጨምቃ በሌላው ዚፑን ትጎትታለች።

«ሆድሽን ሳቢው» አለች ከስፒሎቹ መሀል።

«ስቤ ጨርሻለሁ። ሌላ የሚሳብ የለኝም» አለች ፋርማሲስቷ።

በሩ ተከፈተ። የባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ካፖርቷን ልትሰቅል ገባች። ሰላም አለቻቸው፣ አወለቀችና ዞረች። ከካፖርቱ ሥር ጥቁር አረንጓዴ የሳቲን ቀሚስ ወጣ። ቀኝ ትከሻው ላይ ሦስት እጥፋት፣ ወገቡ ላይ ከራሱ ጨርቅ የተሠራ ሰፊ ቀበቶ።

ፋርማሲስቷ የለበሰችውም ጥቁር አረንጓዴ ሳቲን ነው። ቀኝ ትከሻው ላይ ሦስት እጥፋት አለው። ቀበቶውም አለ።

ስፒሎቹ ከሰፊዋ አፍ ወለሉ ላይ ረገፉ።

ክፍሏ ከከተማው አዳራሽ መድረክ ጀርባ ያለች ጠባብ ዕቃ ማስቀመጫ ናት። በአንድ ወገን የተደራረቡ ወንበሮች፣ በሌላው የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች። ከውጭ አንድ ሰው ማይክሮፎን እየነካካ «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ይላል። ያን ቅዳሜ ከሰዓት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በጡረታ የሚሸኙበት ዝግጅት ነው። ሰፊዋ አልተጋበዘችም። ዚፑ እምቢ ሲል ፋርማሲስቷ በስልክ ጠርታት ነው የመጣችው። ዝግጅቱ ምን እንደሆነ እንኳ ያወቀችው በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብባ ነው።

የውሃ መስመር ቴክኒሻን የሆነው ባሏ ወደዚህ ከተማ ሲዛወር ተከትላው ስትመጣ ገና ዓመት አልሞላትም። በትልቁ ከተማ የነበራትን ሱቅ ለሌላ ልብስ ሰፊ አስረክባ፣ የስፌት መኪናዋን በጭነት መኪና ጭና ነው የወጣችው። መመለሻ የላትም። ያላት እዚህ የከፈተችው ሱቅ ብቻ ነው። ዓይን ያዝ የሚያደርግ ሥራ ያገኘችውም ገና ባለፈው ወር ነበር። እነዚህ ቀሚሶች ናቸው።

ከመምጣታቸው በፊት ጠያይቀዋል። ኪራዩን ጠይቀዋል፤ ርካሽ ነው ተባሉ። ውሃውን፣ መብራቱን፣ ብርዱን፣ ለልጆቻቸውም ትምህርት ቤቱን ጠይቀዋል። ባሏ ቀድሞ ሄዶ አይቶ «ፎቅ አላት፣ የትራፊክ መብራት አላት፣ ምን ቀራት?» ብሏታል። እሷም መጥታ አየች። ፎቅ አለ። መብራቱም ይበራል። እንግዲያው ከተማ ነው አለች። ገጠር መሆኑን ቢነግሯት ኖሮ ትጠነቀቅ ነበር።

ነገሩ አልገባትም እንጂ ምልክት አይታለች። በመጣች በሳምንቱ ለራስ ምታት ኪኒን ልትገዛ ፋርማሲ ገባች። ከዚህችው ፋርማሲስት ጋር አይተዋወቁም። ሴትዮዋ ግን ኪኒኑን ከሰጠቻት በኋላ አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ከመደርደሪያው አውርዳ «ይሄ ለባለቤትሽ። ሌሊት ሌሊት እያሳለ አስቸግሮሻል አሉ» አለቻት። ሰፊዋ ደንግጣ ጠርሙሱን ይዛ ወጣች። ማታ ለባሏ ስትነግረው «ደግ ሰዎች ናቸው» አለ። እዚያው ላይ ተዉት።

የትከሻ እጥፋት ያለው ቀሚስ የእንጀራዋ ገመድ ነበር። ልኩ በካርቶን ተቆርጦ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። በትልቁ ከተማ ስንቷን እንዳለበሰችው አታውቅም፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ተገናኝተው ግን ሰምታ አታውቅም። የከተማው ስፋት አብሯት ይሠራ ነበር። እያንዳንዷን ሴት መስተዋት ፊት ታቆምና «ይሄ በከተማው አንድ ብቻ ነው» ትላታለች። እንደ ውሸት ቆጥራው አታውቅም። እንደ ሰላምታ ያለ የሥራ ንግግር ነው።

እዚህም ያንኑ አደረገች። ከትልቁ ከተማ ይዛ የመጣችውን አንድ ጥቅል አረንጓዴ ሳቲን ዘረጋች። ፋርማሲስቷ መጣች፣ ቅዳሜ ፕሮግራም አለብኝ አለች። የባንኳ ሥራ አስኪያጅ መጣች፣ ቅዳሜ ፕሮግራም አለብኝ አለች። ሌሎችም እንዲሁ አሉ። ሰፊዋ ቅዳሜ ቀን ስንቱ ሰው ፕሮግራም አለበት ብላ ካርቶኑን ጨርቁ ላይ ደጋግማ አስተኛች። የት ነው ብላ አልጠየቀችም። በነበረችበት ከተማ ደንበኛን የት ትሄጃለሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

«በከተማው አንድ ብቻ ነው» አለች አሁን የባንኳ ሥራ አስኪያጅ፣ ቃል በቃል። «እንደዚህ አይደል ያልሽኝ?»

«ቀለሙ ነው እንጂ የተመሳሰለው…»

«ትከሻውስ?»

«ከሩቅ ሲታይ ነው።»

«ከቅርብ ነው እኮ ያለነው!»

በሩ እንደገና ተከፈተ። የፋርማሲስቷ ባል እህት የሆነች ነርስ አንገቷን አስገባች። «ዚፑ ገባልሽ ወይስ…» ብላ ቀረች። ቀስ ብላ ሙሉ ለሙሉ ገባች። አረንጓዴ ናት።

«ይቺን!» አለች ፋርማሲስቷ። ዚፑ ለቀቀ፤ ጎኗ ተከፈተ። «ከሰው ሁሉ መርጠሽ ይቺን!»

«ምን ማለት ነው ይቺን?» አለች ነርሷ። «የቀዳሽኝ አንቺ፣ የምትጮኺው አንቺ!»

«እኔ አንቺን? ምኑን ልቅዳ?»

«እስቲ ወንድሜን ልጥራው። ይፍረደን።»

«ጥሪው! ገና ድሮም በአንቺ አፍ አይደል የሚናገረው!»

«ኧረ ተዉ እናንተ» አለች የባንኳ ሥራ አስኪያጅ። «የእናንተስ የቤተሰብ ነው። የማንም ዘመድ ያልሆንኩት እኔ ምን በወጣኝ ነው የማኅበር ልብስ የለበስኩት?»

ሰፊዋ ወለሉ ላይ ስፒል ትለቅማለች። በሩን የከፈቱት ቀጥሎ አከራይዋ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ የኖሩ፣ የትኛውም ዝግጅት የማያመልጣቸው ባልቴት። ሦስቱን ሴቶች በየተራ አዩ። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«ልጄ፣ ጉድሽ ፈላ። ተሸኚዋ ቲቸር ገብተዋል» አሉ። «ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሊያጨበጭብ እጁን አንሥቶ… እንዳነሣ ቀረ። ፊት ለፊት የተቀመጡት እነዚህን ሁለት ዘመዳሞች ያንኑ ቀሚስ ለብሰው ሲገቡ አይተዋላ!»

ሰፊዋ ለመጨረሻ ከጥቅሉ የቆረጠችው ቀሚስ ለማን እንደነበር ታወሳት። ረጋ ያሉ፣ ትንሽ የሚያነክሱ ሴት ነበሩ። ሥራቸውን አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

«እትዬ፣ የኋላ በር አለ?» አለች በቀስታ።

«አለ። ግን ወዴት ልትወጪ ነው? በሩ የሚያወጣው ወደዚሁ ከተማ ነው።»

«ምንድነው ይሄ ጫጫታ?»

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። የባንኳ ሥራ አስኪያጅ ማስቲካዋን ዋጠች። ነርሷ እጇን ከወገቧ አወረደች። ፋርማሲስቷ የተከፈተ ጎኗን በክንዷ ሸፈነች። ሦስቱም የእሳቸው ተማሪዎች ነበሩ።

ዳይሬክተሯ በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ጥቁር አረንጓዴ ሳቲን፣ ትከሻው ላይ ሦስት እጥፋት፣ ሰፊ ቀበቶ። ሴቶቹን ከዳር እስከ ዳር አዩና ሰፊዋ ላይ ቆሙ።

«አንድ ብቻ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬዎታለሁ።»

«ለእነዚህስ?»

«ብያቸዋለሁ።»

«መጀመሪያ የተሰፋው የማን ነው?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የርስዎ ነው ቲቸር፣ እነሱ አይተው ወደው ነው። በትልቁ ከተማ ይህን ብላ በደቂቃ ትገላገል ነበር። ቀና ስትል ሦስቱም ሴቶች እያዩዋት ነው። ማን መቼ ሱቋ ገብታ መቼ ፌስታል አንጠልጥላ እንደወጣች ፋርማሲስቷ ታውቃለች፤ ፋርማሲው ፊት ለፊት ነው። ነርሷ ታውቃለች። አከራይዋ ከሁሉም የበለጠ ያውቃሉ።

«የርስዎ የመጨረሻው ነው» አለች። «ከጥቅሉ የተረፈው።»

«የተረፈው?»

«አዎ።»

ዳይሬክተሯ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ከወገባቸው በታች ያለውን የስፌት መስመር ዳሰሱ። ሌሎቹ ቀሚሶች ላይ ያ መስመር የለም። «ይሄን ፋሽን ነው ያልሽኝ።»

«ጨርቁ አልበቃ ብሎ ቀጥዬው ነው።»

ነርሷ «ውይ!» አለችና አፏን ያዘች። ዳይሬክተሯ አንዱን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ለትንሽ ጊዜ የታመሙ መሰሉ።

«በሥራ ዘመኔ ሁለት ኮት ነበረኝ» አሉ ለማንም ሳይሆን። «አንዱ ሲታጠብ አንዱን ነው። ዛሬ እንኳ ለአንድ ቀን ብቻዬን ልታይ ብዬ ነበር።»

«ቲቸር፣ እኔ ወደ ቤት ሄጄ ልቀይር» አለች የባንኳ ሥራ አስኪያጅ።

«ተቀመጪ። የመክፈቻውን ንግግር የምታደርጊው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ወደ ሰፊዋ ዞሩ። «ያ የለበስሽው ጃኬት ስንተኛው ነው?»

ሰፊዋ ወደ ራሷ አየች። ከተለያየ ቁርጥራጭ ጥቁርና ግራጫ ጨርቅ የገጣጠመችው፣ ከሰው ሥራ በተረፋት ሰዓት የሰፋችው ጃኬት ነው።

«ለራሴ ነው። ሌላ የለም።»

ሴቶቹ ተያዩ።

«እውነቴን ነው» አለች።

«አሁን ይሄን ማን ያምናል?» አለች ፋርማሲስቷ። የጠየቀችው ለማሾፍ አልነበረም። ሰፊዋ የጃኬቷን ስፌት አየች። እስከዚያ ድረስ የደነገጠችው ስለ ቀሚሱ ነበር። አሁን የገባት ሌላ ነው። ከእንግዲህ በዚህ ከተማ እውነቱን ብትናገርም የሚቀበላት የለም፤ ከአፏ የሚወጣውን የሚሰማ ሌላ ሰው ደግሞ ከየትም አይመጣም። ያሉት እነዚሁ ናቸው።

«አውልቂው» አሉ ዳይሬክተሯ።

አወለቀችው። እሳቸው ቀበቶውን ፈትተው ወንበሩ ላይ ጣሉና ጃኬቱን ከላይ ደረቡት። ትከሻው ሰፋቸው፣ እጅጌው አጠራቸው። ሰፊዋ ልማድ ሆኖባት ልታስተካክልላቸው እጇን ዘረጋች።

«አትንኪኝ» አሉ። በሩን ከፍተው ወጡ። ከውጭ ጭብጨባው መጣ፤ መጀመሪያ ሳሳ ያለ፣ ከዚያ የደመቀ። ሴቶቹ ተከተሏቸው። ፋርማሲስቷ ጎኗ በስፒል ተያይዞ ነበር የወጣችው። ስፒሉን ከወለል ለቅማ የያዘችላት ነርሷ ናት።

ሰፊዋና አከራይዋ ቀሩ።

«ኪራይ ጠየቃችሁ፣ ውሃ ጠየቃችሁ» አሉ አከራይዋ። «ማን የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሽኝም። ቡና… ሻይ እንኳ ጠጪ ብዬ ስጠራሽ ሥራ አለኝ ትያለሽ። አንድ ቀን ቁጭ ብትዪ ይሄን ሁሉ እነግርሽ ነበር።»

«ነውር መስሎኝ ነው እትዬ። ስለ ሰው መጠየቅ።»

«እዚህ ነውሩ አለመጠየቅ ነው።»

በኋላ በር ወጣች። ሸሚዝ ብቻ ስለለበሰች በርዷታል። ሱቋ በር ላይ ስትደርስ አጠገቧ ያለው ዳቦ ሻጭ፣ አዳራሹን በእግሩ ረግጦት የማያውቅ ሰው፣ ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ጃኬቱስ» አለ፣ «እውነት አንድ ነው?»

ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታ ወደ መጣችበት መንገድ ዞራ አየች። ከአዳራሹ እስከዚህ ሌላ ቦታ ሳትቆም ነው የመጣችው።

ሰኞ ባሏ የፈነዳ ቧንቧ ሊጠግን ከከተማው ሌላ ጫፍ አንድ ግቢ ገባ። የቤቱ እመቤት መታወቂያውንም ሳያዩ «የቀሚሷ ባል አንተ ነህ?» አሉት። ማታ ይህን ሲነግራት እየሳቀ ጀመረ፤ ፊቷን ሲያይ አቆመ።

«ሌላ ቦታ እንዛወር ብዬ ላመልክት?» አላት።

«የት? ይሄን የሚያህል ከተማ ሁሉ ይሄው አይደል?»

ጃኬቱ በዚያው ሳምንት ታጥቦና ተተኩሶ በአከራይዋ እጅ ተመለሰ። መልእክት አልነበረውም። ሱቁ ክፍት ሆኖ ቆየ። ሴቶች በሱቁ መስኮት ፊት ያልፋሉ፣ ሰላም ይሏታል፣ ልጆቿን በስማቸው ጠርተው ደህና ናቸው ወይ ይሏታል። ጨርቅ ይዛ የገባች ግን የለችም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሱቁን ዘጋችው። አሁን በአከራይዋ በረንዳ ላይ መጋረጃ ትሰፋለች፤ መጋረጃ ቢመሳሰል የሚቀየም የለም። የመጀመሪያውን ያዘዙት ዳይሬክተሯ ናቸው፤ ለሳሎን።