ድርቆሽ የሚያርሰው ቁራ

አጎቴ ከሞቱ ወዲህ አሜሪካ፣ ሌዊስቪል ያለውን የቤታችንን ባልኮኒ በር መክፈት እፈራለሁ። ቁራው እዚያ ይጠብቃቸዋል።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ ከሚልክልን ድርቆሽ ቆንጠር አድርገው ባልኮኒው ላይ ያስቀምጡለት ነበር፤ አጠገቡ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን። ቁራው ድርቆሹን እንዲሁ አይበላም። ውሃው ውስጥ ይጥልና እስኪርስ ቆሞ ይጠብቃል። አጎቴ በየቀኑ እንደ አዲስ ይስቁ ነበር።

“ነይ እይልኝ! ፍርፍር ሠራ እኮ!”

“አጎቴ፣ ስልክ ላይ ነኝ።”

“ስልኩ የትም አይሄድ፤ እሱ ግን ይበራል።”

የለቅሶው ዕለት ቁራው እንደ ልማዱ መጣ። አንዲት ጎረቤታችን ሲያዩት ክው አሉ። “በስመ አብ! ለቅሶ ቤት ቁራ? ሟርተኛ!” ብለው በነጠላቸው አባረሩት። ተናደድኩ፤ ግን ትልቅ ሰው ናቸውና ምን ልበላቸው? ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሃል አጎቴን በየቀኑ እየመጣ ሲጠይቃቸው የኖረው እሱ ብቻ ነበር።

ትናንት እንደ ምንም በሩን ከፍቼ ድርቆሽ አስቀመጥኩለት። ዘሎ ወረደና አንሥቶ ሳህኑ ውስጥ ጣለው። ለካ ውሃው ከደረቀ ቆይቷል። ቁራው ግን እንደ ድሮው ቆሞ ጠበቀ። ድርቆሹ አልርስ አለ። በመጨረሻ ቀና አለና፣ እኔን አልፎ፣ ከኋላዬ የተከፈተውን በር ያይ ጀመር።